«ነገ ና»፦ ከብየዳ ቤት እስከ ቀበሌ ምክር ቤት

ፖለቲካ ውስጥ ያስገባኝ የእድር ድንኳን ነው። አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫው ዳርቻዋ ላይ የቆመው ያለ ነገር አይደለም። አንድ ለቅሶ ላይ የዛገው የድንኳን ብረት ተሰብሮ ጣራው እንግዳው ላይ ወረደ። ሰው አልተጎዳም፤ የሽሮው ድስት ብቻ ተደፋ። በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ሱቄ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ምን ይሻለናል?» አሉኝ።

ቱቦላሬውን በገዛሁበት ዋጋ አስቤ፣ የእጄን ሳልጠይቅ ሦስት ምሽት በየድኩ። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ቁጥር ቀረጽኩ። ሌሊት ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክሉት ልጆች በጣታቸው ዳስሰው ሰባትን ከሰባት እንዲያገናኙ ብዬ ነው። ሰዉ ግን ቁጥሩን ልብ አላለውም። ያወሩልኝ ቅዳሜ ብዬ ቅዳሜ ማስረከቤን ነው።

እውነት ለመናገር ያ የእኔ ጠባይ አልነበረም። ብየዳ ቤት የሚኖረው በ«ነገ ና» ነው። ካንተ በተቀበልኩት ቀብድ የትናንቱን ደንበኛ ላሜራ እገዛለሁ። ያንተን በር የምሠራው የነገው ደንበኛ ቀብድ ሲሰጠኝ ነው። መሃል ላይ መብራት ይሄዳል። የእድሩ ሥራ በቀኑ ያለቀው ገንዘብ ያዡ ሙሉውን ብር አስቀድመው ስለሰጡኝ እንጂ በጨዋነቴ አይደለም።

ሆኖም ስሜ ወጣ። መጀመሪያ የእድር ጸሐፊ ሆንኩ። ከዚያ በሚያዝያ 2005 የአካባቢ ምርጫ ለቀበሌ ምክር ቤት ዕጩ አድርገው አቀረቡኝ። «አሸነፍክ አሉ» የሚለኝ ሲበዛ እስቅ ነበር። ማንን? ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች እኮ ከምርጫው ወጥተዋል። የቀበሌ ምክር ቤት ደግሞ ከ2000 ምርጫ ጀምሮ እስከ 300 ሰው የሚይዝ ሆኗል፤ ስብሰባው ሠርግ ነው የሚመስለው። ደመወዝ የለውም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በቁቤ የተጻፈ ኦሮምኛ ነበር። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ የብረት ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፣ አጀንዳ ለማንበብ ግን አይሆንም። ማታ ማታ አምስተኛ ክፍል ያለችው ልጄ አስተማረችኝ። «አባዬ፣ አናባቢው ሲደገም አስረዝመው!» እያለች ትቆጣኛለች። ስድስት ወር ፈጀብኝ። ወደዚህ ልግባ የሚል ሙያተኛ ቢያማክረኝ መጀመሪያ የምለው ይሄንን ነው፦ ምን እንደተጻፈ ሳታነብ እጅህን አታውጣ። ቶሎ የለመድኩት አንድ የቢሮ ቃል ግን ማንበብም አላስፈለገው፦ «ቦሩ ኮቱ»። ነገ ና።

አዳማ ጎድጓዳ ላይ ናት። ክረምት ከዙሪያዋ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በየሰፈሩ ቦይ ያልፋል። የእኛ መንገድ የቦይ ክዳን ብረት ነበር፤ እየተነቀለ ለቁራሌው በኪሎ ተሸጠ። አንድ ምሽት አንዲት ጎረቤታችን፣ እማማ የምንላቸው፣ ገብተውበት እግራቸው ተሰበረ። ልጃቸው ቀበሌ አልሄደም፤ እኔ ሱቅ መጣ። «ጋሼ፣ ምክር ቤት የገቡት ለምንድን ነው?»

ሜትሬን ይዤ ወጥቼ ለካሁ። 14 ክዳን። በብየዳ ቤት ሂሳብ የአራት ቀን ሥራ ነው። በቢሮ ሂሳብ ግን በጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ገንዘቡ ተደልድሎ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ግዢው እስኪፈጸም ጎርፉ አልፎ መስከረም ይጠባል። እኔው ፕሮፎርማ ላስገባ ስል ደግሞ «አባል ስለሆንክ አይቻልም» ተባልኩ። በጣም ተናደድኩ። ዛሬ ሳስበው ልክ ነበሩ። ቢፈቀድልኝ ኖሮ «ለራሱ ሥራ ሊያመጣ ነው የገባው» መባሌ አይቀርም ነበር።

ያኔ ግን ትዕግሥት አልነበረኝም። የሰፈሩ ሰው ብረቱን አዋጣ፣ እኔ ጉልበቴን ሰጠሁ። ሌባ እንዳያነሳው ብዬ ክዳኑን ከቦዩ ፌሮ ጋር በየድኩት። ምርቃት ዘነበልኝ። በሚቀጥለው ክረምት ቦዩ በደለልና በፌስታል ተደፈነ። የጽዳት ሴቶቹ አካፋቸውን ይዘው መጡ፤ ክዳኑ አይከፈትም። ውሃው መንገዱን ለቆ ሦስት ቤት ገባ። አንዱ የእማማ ቤት ነው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው በር ላይ ቆመዋል፤ ፍራሻቸው ውስጥ ይንሳፈፋል። ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ የገዛ ብየዳዬን ቆርጬ ጣልኩት። በዚህ ጊዜ ከጽዳት ሴቶቹ አንዷን «እንዴት ይሁን?» ብዬ ጠየቅኳት። አላመነታችም። «ወደ ግንቡ ይከፈት፤ ወደ መንገዱ ከሆነ ባጃጅ ይገጨናል። ክብደቱም ለአንድ ሰው ይሁን፣ ሁልጊዜ ሁለት ሆነን አንመጣም።» ሃያ ዓመት ብረት የያዝኩት ሰውዬ ይሄ አልታየኝም። ማጠፊያ ገጠምኩለት፣ ቁልፍም አበጀሁለት።

ዘመኔ አምስት ዓመት ነበር። በ2010 ይጠበቅ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ሲራዘም ወንበሬም አብሮ ተራዘመ። ደንበኞቼ ግን አልጠበቁኝም፤ ስብሰባ በዋልኩ ቁጥር ሌላ ብየዳ ቤት ሄዱ። በመጨረሻ መልቀቂያ ጻፍኩ። የተቀበለኝ ልጅ ማህተሙ የተቆለፈበት መሆኑን ነግሮኝ «ነገ ይምጡ» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

የክዳኖቹ ቁልፍ እስካሁን ሱቄ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አስረክብ ያለኝ የለም። ሰኔ ሲገባ የጽዳት ሴቶቹ መጥተው ይወስዱታል፤ ሲጨርሱ መልሰው ይሰቅሉታል።