ዘንቢሉ ማን ጋ ነው?

የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ሆኜ የተመረጥኩት በሌለሁበት ነው። የዚያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ቤት ተኝቼ ነበር። ማታ ቴሌግራም ስከፍት «እንኳን ደስ አለሽ እህታችን፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ» የሚል መልእክት ተደርድሮ ጠበቀኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት ከጠቅላላ ጉባኤ የቀረ ሰው ዕጣው ይኼው ነው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጅ አልወለድኩም፣ መምህርነትም አልተማርኩም። የአጥቢያችንን ሰንበት ትምህርት ቤት ግን በልጅነቴ ነው የገባሁት። የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ በሆነው በቃለ ዓዋዲው መሠረት ሰንበት ትምህርት ቤት ከ4 ዓመት ሕፃን እስከ 30 ዓመት ወጣት ያቅፋል። ትልልቆቹ በየአገልግሎት ክፍሉ ይመደባሉ። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ሁሉም የሚመኘው መዝሙር ክፍልን ነው። ነጭ ለብሶ፣ ከበሮ ይዞ፣ በጥምቀት ከታቦቱ ፊት እየዘመሩ መሄድ ያምራል። ሕፃናት ክፍል ማለት አፍንጫ መጥረግ፣ ሽንት ቤት ማድረስ፣ አንድ እግር የጠፋበትን ጫማ መፈለግ ነው።

ስረከብ መዝገቡ ላይ የ14 መምህራን ስም ነበር። በመጀመሪያው እሑድ የመጡት ሦስት ናቸው። ልጆቹ ደግሞ ከ120 በላይ። ከቅዳሴ በኋላ ከየአቅጣጫው ወደ ቆርቆሮው አዳራሽ ሲጎርፉ ሳይ ጉልበቴ ራደ።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ ልመና ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ አስነገርኩ። ጉባኤ ላይ ቆሜ ስለ አገልግሎት በረከት ተናገርኩ። አንዴ እንደውም እንባዬ መጣ። ያን ቀን 20 እጅ ወጣ! በሚቀጥለው እሑድ ዘጠኝ ሰው መጣ፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ ተመልሰን ሦስት። ቴሌግራም ላይ «ነገ ማን ይመጣል?» ስል «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚል መልስ ይደረደራል። ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

እኛ ጋ አገልግሎት ያቆመ ሰው «ቀዘቀዘ» ይባላል። በጣም የምንወደው ቃል ነው። ቃሏን ከጣልን በኋላ ማንም «ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም። የቀዘቀዘ እኮ ነው፣ እንጸልይለት፣ አለቀ።

አንዲት እህት ነበረች። ሥራዋ ኬጂ ረዳት ነው። ልጆቹ ሲያዩዋት እየሮጡ ነው ጉያዋ የሚገቡት። ከሰባት እሑድ በኋላ ጠፋች። እኔም ቀዘቀዘች ብዬ ለኮሚቴው ሪፖርት አደረግኩ፤ በጽሑፍ! ከወር በኋላ ገበያ ላይ አገኘኋትና «ምነው ጠፋሽ?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ቤት ቀይራ ከተማው ዳር ወጥታለች። ለመምጣት ሁለት ታክሲ፣ ለመመለስ ሁለት ታክሲ። ደመወዟን አውቀዋለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን ቀላል ሒሳብ አለመሥራቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አጥቢያውን ለሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ ጻፍኩ። በመጀመሪያ «አገልግሎት በነጻ ነው» የሚል መልስ መጣ። ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ግን ለአራት ሰው የትራንስፖርት ተፈቀደ። ልጅቷ ተመለሰች። ሪፖርቱን ቀድጄ ጣልኩት።

ጥር ላይ ደግሞ የማልረሳው ነገር ሆነ። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ የሰርግ ወቅት ነው። መምህራኑ ወይ ሚዜ ናቸው ወይ የሚዜ ጓደኛ። በዚያ እሑድ እኔና አንድ ወንድም ብቻ ቀረን፣ ልጆቹ 90 ገደማ። መዝሙር አስጠንተን ስንጨርስ አንዲት እናት መጥታ «ልጄስ?» አለች። የአምስት ዓመት ልጅ ነው። የለም። አዳራሹ ውስጥ የለም፣ ጥዱ ሥር የለም፣ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤተ ልሔም ጓሮ የለም። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ፈልገናል፤ ለኔ አሥራ አምስት ዓመት ነበር። በመጨረሻ ከአስፋልቱ ማዶ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ አገኘነው። የሰርግ መኪና ጥሩንባ ሰምቶ ሊያይ ወጥቶ ነው። እናቱ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ለት ማታ ለራሴ ወሰንኩ። ሁለት ትልቅ ሰው የሌለበት ክፍል አይከፈትም። መምህር ከጎደለ ልጆቹ ወላጅ እስኪመጣ መዝሙር ዘምረው ይበተናሉ እንጂ «እንደ ምንም» አናስተምርም። ከካርቶን ቆርጠን በየልጁ ስም ካርድ ሠራን። ከጀርባው የወላጅ ስልክ አለበት። ካርዱን ያላሳየ ሰው ልጅ አይረከብም። ችግሩ፣ ብዙ ልጆች ወላጅ ይዟቸው አይመጣም። የሰባት ዓመት ልጅ የአራት ዓመት እህቱን በእጁ ይዞ ነው የሚመጣው። ለነዚህ የሰፈር ጎረቤት ፈለግን። ወላጆች መጀመሪያ ላይ «ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» እያሉ ተቆጡኝ። አልተከራከርኩም። ካርዱን ብቻ ጠየቅኩ።

መምህራኑን ያረጋልኝ ነገር ግን የመጣው ከእናቴ ሳሎን ነው።

እናቴ ከኔ ዕድሜ በላይ የቆየ የጽዋ ማኅበር አላት። መሪያቸውን «ሙሴ» ይሏታል። በየወሩ በ21፣ የማርያም ለት ይጠጣሉ። ማስታወቂያ የለም፣ ሪፖርት የለም፣ ቴሌግራም የለም። አንድም ወር ታጥፎ አያውቅም። አንድ ቀን ዳቦውን ስቆርስ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ እንዴት ነው ሰው የማይቀርባችሁ? ሙሴያችሁ ትቆጣለች እንዴ?»

«ሙሴ ምን ብላ ትቆጣለች? ተረኛዋ ጽዋውን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ወር ሙሉ ቁምሳጥን ላይ እያየሽው፣ እንዴት ብለሽ ትቀሪያለሽ?»

ቢላውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እኔ ዓመት ሙሉ የሰውን ልብ ስለምን ነበር። እነሱ ዕቃ ያቀባብላሉ።

በሳምንቱ ገበያ ሄጄ አራት የላስቲክ ዘንቢል ገዛሁ፤ ለአራቱ ክፍል አራት ቀለም። በእያንዳንዱ ውስጥ የስም መጥሪያ ደብተር፣ ቾክ፣ ባለ ቀለም እርሳስ፣ ሥዕሎች፣ አንድ ጥቅል ሶፍትና ፕላስተር። ለየክፍሉ አራት መምህር፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እሑድ ተለዋውጠው። ሕጉ አንድ ነው፦ ያስተማሩት ጥንዶች ትምህርቱ ሲያልቅ ዘንቢሉን ለቀጣዮቹ በእጅ ያስረክባሉ። መቅረት ይቻላል፤ ሰው ነን፣ ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ማታ የሚሠራ አለ። ዘንቢሉን ይዞ መቅረት ግን አይቻልም። የማይመጣ ሰው ራሱ ተተኪ ፈልጎ፣ ዘንቢሉን ቤቱ ድረስ ያደርሳል።

ቅዳሜ ማታ የምልከው መልእክትም ተቀየረ። «ነገ ማን ይመጣል?» ማለት ተወኩ። «ዘንቢሉ ማን ጋ ነው?» ብቻ። ለዚህ ጥያቄ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚል መልስ አይሆንም። ወይ አለ ወይ የለም። ቶሎ ፎቶ አንስተው መላክ ጀመሩ፤ ዘንቢሉ አልጋ ላይ፣ ዘንቢሉ ቡና ረከቦት አጠገብ፣ አንዱ እንደውም ዘንቢሉን ነጠላ አልብሶ።

በሦስተኛው ሳምንት አረንጓዴው ዘንቢል ታክሲ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። የ34 ልጆች ስም ከነ ወላጅ ስልኩ አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ በየእሑዱ ፎቶ ይነሳል፤ ስልክ የተጻፈበት ገጽ ደግሞ ከዘንቢሉ ወጥቶ ቢሮ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ለውጥ የጊዜ ነው። በፊት ሰው ስንጋብዝ «ነይ አገልግይ» ነበር የምንለው። እስከ መቼ? አይታወቅም፤ እስክትቀዘቅዢ። አሁን የምጠይቀው ስምንት እሑድ ነው፤ ከዐቢይ ጾም የመጀመሪያ እሑድ፣ ከዘወረደ፣ እስከ ሆሣዕና። ዐቢይ ጾም ለጀማሪ መምህር እንደሱ የተመቸ ጊዜ አላየሁም። ሰርግ የለም፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደግሞ እያንዳንዱ እሑድ ስምና ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው። መጻጉዕ ሲሆን ለ38 ዓመት የተኛውን በሽተኛ አንዱ ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝቶ ይሠራዋል። ገብርኄር ሲሆን አምስት መክሊት፣ ሁለት መክሊት፣ አንድ መክሊት በጠርሙስ ቆርኪ። ኒቆዲሞስ በሌሊት ስለመጣ መብራት አጥፍተን በስልክ ባትሪ ልናደርገው አሰብን። ማጥፋት አላስፈለገንም፣ ኤሌክትሪኩ ራሱ ሄደልን። በሆሣዕና ዘንባባ ቀለበት ማሠራት ነው። ያን ቀን ማንም መምህር አይቀርም፤ ሁሉም ጣቱ ላይ ቀለበት ይፈልጋል።

ስምንቱ ሲያልቅ «አመሰግናለሁ፣ ጨርሰሻል» እላለሁ። ይህን ስል መጀመሪያ ላይ ፈርቼ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 11 ሰዎች ስምንቱ «ከዳግም ትንሣኤ በኋላስ?» ብለው ራሳቸው ጠየቁኝ። ሦስቱ ሄዱ። በሰላም፣ ሳይደበቁኝ ሄዱ። አሁንም መንገድ ላይ ስንገናኝ ተሳስቀን ሰላም እንባባላለን። በፊት የቀዘቀዘ ሰው እኔን ሲያይ መንገድ ያቋርጥ ነበር።

ማንን ከማን ጋር ማጣመር እንዳለብኝም ተሳስቼ ነው የተማርኩት። ጥሩ ሰባኪ የሆነ ልጅ ነበረን፤ ድምፁ ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ሰጠሁት። የእምነታችን መሠረታዊ ትምህርቶች ከሆኑት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጀመሪያውን፣ ምሥጢረ ሥላሴን፣ ሃምሳ ደቂቃ አስተማራቸው። ግማሾቹ ተኙ። አንዷ እጇን አወጣች። ደስ ብሎት «ጠይቂ ልጄ» ሲል «ቲቸር፣ ብስኩቱ መቼ ነው?» አለችው። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ሊተው ነበር። የኬጂዋን እህት አጠገቡ አስቀመጥኩለት። እሱ ትምህርቱ እንዳይዛባ ይጠብቃል፣ እሷ ወደ ጨዋታ ትቀይረዋለች። እሱ አሁን መሬት ተቀምጦ ነው የሚያስተምረው። ቀሲስ አንድ ቀን በመስኮት አይተውት «ልጄ፣ እኔም ፊደል የቆጠርኩት እንዲህ ነው፤ የኔታ ከላይ ይሰሙናል፣ ትልቁ ተማሪ ታች ወርዶ ያስጠናናል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው የ14 እና የ15 ዓመቶቹን ረዳት ያደረግኩት።

ክረምቱን ግን እስካሁን አልፈታሁትም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ በእጥፍ ይጨምራሉ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው የሚፈተኑት። በጣም በምንፈልጋቸው ሰሞን ከረዳቶቹ ሁሉ ጠንካሮቹ የሉም። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማንም ማንንም አይሰማም፤ ፍልሰታን ያሳለፍነው መዝሙር በመዘመር ነው። ምናልባት ተተኪዬ የተሻለ ታስብ ይሆናል።

ተተኪዬ ያልኩት፣ በሚያዝያ 30 ዓመት ስለሞላኝ ነው። ርክክቡ በኮሚቴ ፊት ነበር፤ ሦስት ገጽ ቃለ ጉባኤ፣ ፊርማ፣ ማኅተም። እሷ ወረቀቱን ሳታነብ ፈረመች። ከዚያ ዞር ብላ «አዲሱ አረንጓዴ የት ነው?» አለችኝ። ቤት ረስቼዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በዝናብ፣ ይዤላት ሄድኩ።