በርበሬ ቀንጠሳ

ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018

ይህን የምጽፈው በሁለት ጣት ነው። የቀሩት ስምንቱ እንደ እሳት ይፋጃሉ። ረስቼ ዓይኔን ነክቼም ሩብ ሰዓት አልቅሻለሁ፤ ያዩኝ ሁሉ «ሙሽሪት ከአሁኑ ጀመረች» ብለው ሳቁብኝ። ለሰርጌ 43 ቀን ቀረው።

ቀኑን ያገኘነው በመከራ ነው። ጥቅምት ላይ እኔና እጮኛዬ አዳራሽ ፍለጋ ወጣን። ኅዳር አጋማሽ ላይ ጾም ይገባል፣ ገና አልፎ ጥምቀት እስኪደርስ ደግሞ ማንም አይጣደፍም፤ ስለዚህ ዘንድሮ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያሉት እሑዶች አራት ብቻ ናቸው። ጥር 17 የትም ተይዟል። የካቲት 1 ተይዟል። የካቲት 8፣ ቅበላው፣ አይጠየቅም። አንድ ቦታ ግን ጥር 24 ክፍት ነው ሲሉን እዚያው ቀብድ ከፍለን ወጣን። በባጃጅ ወደ ቤት ስንመጣ እንዴት ዕድለኛ እንደሆንን እያወራን ነበር።

እማዬ ቀኑን ስነግራት ምንም ሳትል የጣቶቿን አንጓ መቁጠር ጀመረች። ቆጥራ ስትጨርስ፣

«ሰኞ ነነዌ ይገባል» አለችኝ።

«እና?»

«እናማ መልሱን በሽሮ ልታበዪኝ ነው?»

አዳራሹ ለምን ክፍት እንደቆየ ያኔ ነው የገባኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቁጥር አይጠፋኝም፤ ጾሙን ግን ከነጭራሹ አልቆጠርኩትም። ነነዌ ከሰኞ ጥር 25 እስከ ረቡዕ ጥር 27 ስለሆነ መልሱ ወደ ሐሙስ ተገፋ። ከሻሸመኔ የሚመጡት የእሱ ዘመዶች «በሥራ ቀን መልስ?» ብለው ትንሽ አጉረመረሙ። ሻሸመኔ እዚህ አፍንጫችን ሥር ናት፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ይመጣሉ።

ስለ ቬሎው ብዙ ባልጽፍ ይሻለኛል። የለካሁትን፣ የወደድኩትን፣ ቀብድ የከፈልኩበትን ቬሎ ለዚያው ቀን ለሌላ ሙሽራ አከራይተውት አገኘሁ። ቀብዱ በሦስት ምልልስ ተመለሰ። ሌላ አግኝቻለሁ፣ እጅጌው ትንሽ ይሰፋኛል። በቃ።

ከሁሉም ያደከመኝ የተጠሪ ዝርዝር ነው። እኔና እሱ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ስንቀመጥ 120 ሰው ተስማምተን ነበር። ደግሞ እዚያ ቁጭ ብሎ መስማማት ቀላል ነው። ከፊትህ ውሃ፣ ከጎንህ ቡና፣ ፎቶ ለመነሳት የሚመጡትን የፕሮቴስታንት ሙሽሮች እያየህ (የእኛ ሰው በጾም አይዳርም፣ እነሱ ግን በየሳምንቱ አሉ) «ይህቺ ሚዜ አበዛች፣ እኛ ሦስት ይበቃናል» ማለት። አንድ ቀን ከሙሽሮቹ ኋላ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ የሐይቁ ዳር ትልቅ ወፍ፣ እንደ ሽማግሌ አንገቱን ቀብሮ ቆሞ ፎቷቸው ውስጥ ገባ። እሱ «ይኸው ያልተጠራ ዘመድ» አለኝ። ያኔ ስቄ ነበር።

ሐሙስ ማታ እማዬ ደብተሯን አወጣች።

ደብተሩን አውቀዋለሁ፣ ከፍቼው ግን አላውቅም ነበር። ሽፋኑ የተላጠ፣ ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የተጻፈበት ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ማን ምን ይዞ መጣ። ክርስትና፣ ተዝካር፣ የእህቴ ምርቃት። የአባቴ ልቅሶ አራት ገጽ ይዟል። «እንጀራ 40፣ ከነወጡ።» «ንፍሮ አንድ ጎላ፣ ሦስት ቀን አድራለች።» «ገንዘብ የላትም፣ ውሃ ስትቀዳ ሰነበተች።» ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እማዬ በዚያ ሳምንት ከፍራሽ የተነሳች አይመስለኝም ነበር። መቼ አየች? መቼስ ጻፈች?

ከደብተሩ ወደ ወረቀት ስንገለብጥ 120ው 380 ሆነ።

እኔ በለመድኩት መንገድ ልከራከር ሞከርኩ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፣ ለ380 ሰው 32 ዶሮ አልኳት። እንዴት ያለ የንቀት ሳቅ እንደሳቀችብኝ! «ጀርባና አንገት ለእንግዳ ልታቀርቢ? አብሳዮቹስ አይበሉም? ለመልሱስ?» 32ቱ እዚያው 60 ሆነ። ሒሳብ ማሽን ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ሒሳብ አላየሁም።

በዚህ መሀል ነው አንዱን ስም የሰረዝኩት። የአባቴ ያክስት ልጅ ናቸው፣ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ቤታቸው ከእኛ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ልቅሶ አልመጡም። በሦስተኛው ቀንም፣ በአርባውም አልመጡም። ደብተሩ ላይ ከስማቸው ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። እማዬ ሌላ ገጽ ስትገልጥ በእስክሪብቶ ጭርር አደረግኳቸው፤ ምንም አልተናገረችም፣ ያላየችም መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሸራ ተነጥፎ በርበሬው ተዘረገፈ። እማዬ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይባልባት ብላ ከገብርኤል በፊት ማለቅ አለበት ብላለች፤ ገና መደለዙ፣ መድረቁ፣ ቅመም ማመስና ማስፈጨቱ አለ። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ጭራውን ቀነጠስን፣ የሻገተውን ለይተን ጣልን፣ ፍሬው ሲበዛ በሰፌድ አበጠርነው። አንዷ ስታነጥስ ሁሉም ያነጥሳል። ብዙ ዘመን በእድር ድግስ የሠሩ አንዲት እትዬ እጃቸውን ሳያዩ ይቀነጥሳሉ። የእኔን ቀስ ማለት አይተው «ልጄ፣ አንቺ ስትጨርሺ የልጅሽ ሰርግ ይደርሳል» አሉኝ።

እጄ መፋጀት ሲጀምር መድኃኒቱ ላይ ክርክር ተነሳ። ቅቤ ተቀቢ የሚሉ አሉ፤ በጾም የሚሉ አሉ፤ «ለእጅ ነው እንጂ ለአፍ መች ሆነ» የሚሉም አሉ። የማትጾመው የሲዳማ ጎረቤታችን ክርክሩን ሳትጠብቅ ከቤቷ ቅቤ በቅጠል ይዛ መጥታ መዳፌን አሸችልኝ። ማንም አልተቃወመም። ትንሽ ቆይቶ ከተከራካሪዎቹ አንዷም እጇን ዘረጋች።

ሴቶቹ ቡና ላይ ሲሆኑ እማዬ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የተበጠሰ ጭራ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣

«ጋሼሽን የሰረዝሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አባዬ ሲሞት የት ነበሩ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ከቡናው በኩል ወሬ ቆመ።

«አባትሽና እሳቸው ተኳርፈው ነበር፤ አባትሽ ሞቶ ቀደማቸው። በምን ዓይናቸው ይምጡ?» አለችኝ። «እኛ ካልጠራናቸው እንግዲህ በማን ሞት ሊመጡ ነው?»

ስለ ኩርፊያው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። በምን እንደተኳረፉ ስጠይቃት «የድሮ ነገር ነው» ብላ ተነሳች።

ማታ ካርዶቹን አወጣሁና የመጀመሪያውን የጻፍኩት ለእሳቸው ነው። ጽፌ ስጨርስ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ቀይ ሆኖ ቀርቷል። ልቀይረው አሰብኩ፤ ግን 200 ካርድ ነው ያሳተምነው፣ ለየቤቱ አንድ አንድ ተቆጥሯል። እማዬ ነገ ከቅዳሴ መልስ ራሷ ልታደርስላቸው ነው። አብረሽኝ ነይ ብላኛለች። እሺም እንቢም አላልኳት።