በካፅሪኑ ግድያ ወሬውን ከማስረጃው እንዴት እንደለየሁ

ታኢር ራዳ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 2006 በጎላን ኮረብታዎች ላይ ባለችው ካፅሪን ከተማ፣ በምትማርበት ኖፌይ ጎላን ትምህርት ቤት መጸዳጃ ውስጥ ተገድላ ተገኘች። በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። ቀናት ሳይቆይ ፖሊስ በትምህርት ቤቱ ወለል ሲያነጥፍ የነበረውን፣ ከዩክሬን የመጣውን ሮማን ዛዶሮቭን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2023 ነጻ ወጣ። ከተያዘ ጀምሮ እስራኤል ውስጥ በዚህ ሰው ላይ የራሱን ፍርድ ያልሰጠ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። በእኛ በአማርኛ ተናጋሪዎቹ ቤትም እንደዚያው ነበር።

በእናቴ የቡና ማኅበር ሦስት ወገን ነበር። አንደኛው «ራሱ አምኖ የለም እንዴ? ያመነን ሰው ምን ያከራክራል?» ይላል። ሁለተኛው «ምስኪን ባይተዋር ነው፤ አገሩም ቋንቋውም አይደለም፤ ጭነውበት ነው» ይላል። ፖሊስ የእኛን ልጆች መንገድ ላይ እንዴት እንደሚያስቆማቸው የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወደዚህ ያደላ ነበር። ሦስተኛው ወገን የትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ይጠረጥራል። ሁሉም እርግጠኞች ናቸው፤ ፍርዱን ግን ያነበበ የለም። ሊያነቡትም አይችሉም፤ የፍርድ ቤት ዕብራይስጥ እዚሁ ተወልዶ ላደገ ሰው እንኳ ይከብዳል። ስለዚህ ውሳኔዎቹን እያነበብኩ በአማርኛ ልነግራቸው ተነሣሁ።

ሥራውን የጀመርኩት ግን ከውሳኔው ሳይሆን ከወሬው ነው። ሴቶቹ ስለ ጉዳዩ የሚሉትን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ በደብተር ጻፍኩ። ከዚያ በእያንዳንዱ አጠገብ ከየት እንደመጣ አሰፈርኩ፦ ከሞተችበት ቦታ ነው? ከተጠርጣሪው አፍ ነው? ከባለሙያ ምርመራ ነው? ወይስ ከመንገድ? ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ዋናው ድካም እዚህ ነበር፤ የአንዱ ወሬ ምንጭ ሲፈለግ ሌላ ወሬ ይገኛልና።

አንዱን ላሳይ። በቡናው ላይ ማንም የማይጠራጠረው ነገር «ደሟ በመሣሪያው ላይ ተገኝቷል» የሚለው ነበር። ምንጩን ስከተል የደረስኩት ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ነው። መርማሪዎቹ ዛዶሮቭን እንዲናገር ሲገፋፉት ደሟ በመሣሪያዎችህ ላይ ተገኝቷል ብለውታል። አልተገኘም ነበር። በእስራኤል መርማሪ ተጠርጣሪን ማታለል በጠቅላላው የተከለከለ አይደለም፤ ልኩ ነው የሚያከራክረው። አንድን ሰው ለማናገር የተወረወረ ዘዴ ግን ከክፍሉ ወጥቶ በየሰዉ አፍ የላቦራቶሪ ውጤት ሆኖ አረፈው። ይህን ስነግራቸው ማኅበሩ ዝም አለ፤ እናቴ ብቻ «ታዲያ ለእኛስ ማን ዋሸን?» አለች። ሆን ብሎ የዋሻቸው የለም፤ እያንዳንዱ የሰማውን ነው ያቀበለው።

ሌላው ብዙ የቆየንበት የበሩ ነገር ነው። የእናቴ እህት «አንቺ ልጅ፣ በሩ ከውስጥ ከተቆለፈ ገዳዩ በየት ወጣ?» ብላ ያዘችኝ። የመብራት ሂሳብ ወረቀት ገልብጬ መጸዳጃውን ሣልኩላት። የክፍሎቹ ግድግዳ ጣሪያ አይደርስም፤ በላይ ክፍት ነው። በመቀመጫው፣ በውኃ ማጠራቀሚያውና በግድግዳው ላይ ደም የነካ የጫማ ዱካ ነበር፤ ማለት አንድ ሰው ተንጠላጥሎ ወጥቷል። ዱካዎቹ ከዛዶሮቭ ጫማ ጋር አልገጠሙም። እዚህ ላይ አክስቴ «በቃ፣ አለቀ!» አለች። አላለቀም። ዐቃቤ ሕግ ልጅቷን ሲፈልጉና ሊያወጧት ሲሞክሩ ወደ ውስጥ የገቡ ሰዎች ሊተዉት ይችላሉ ብሏል። በሌላ በኩል የፖሊስ ባለሙያ በልጅቷ ሱሪ ላይ ያሉት ምልክቶች የዛዶሮቭ ጫማ ናቸው ሲል፣ በኤፍ ቢ አይ ለረጅም ጊዜ የሠራው አሜሪካዊ የጫማ ዱካ ባለሙያ ዊልያም ቦድዚያክ ያንን ተቃወመ። ዶክተር ማያ ፎርማን የተባሉ የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ደግሞ አገጯ ላይ ያለው ቁስል ጥርስ ያለው ቢላ ያወጣው ነው ብለው መሰከሩ፤ ዛዶሮቭ በሥራው የሚጠቀምበት ስለቱ ጥርስ የሌለው መቁረጫ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ጉዳዩን ወደ ናዝሬት አውራጃ ፍርድ ቤት የመለሰው የእነዚህን ሁለት ባለሙያዎች ቃል እንዲሰማ ነው። ሰማ፤ በ2014 በድጋሚ ጥፋተኛ አለው።

ከሁሉ በላይ እንዲገባቸው የፈለግሁት የእምነት ቃሉን ነው። ዛዶሮቭ በእስር ክፍል አብሮት ለተቀመጠ፣ በሩሲያኛ ለሚያወራው፣ በፖሊስ ለተላከ ሰው ገደልኩ ብሏል። ከዚያ ለመርማሪዎቹም አምኗል፤ ቦታው ላይም ሄዶ እንዴት እንዳደረገው አሳይቷል፤ ኋላም ክዷል። የእስራኤል ሕግ ሰው በእምነት ቃሉ ብቻ እንዲፈረድበት አይፈቅድም፤ ቢያንስ የሚደግፈው አንድ ተጨማሪ ነገር ይሻል። ከድጋፎቹ ሁሉ ጠንካራ የሚባለው ገዳዩ ብቻ ሊያውቀው የሚችል ዝርዝር ነው። ለዚህም ነው ፖሊስ ከግድያ ቦታ ያየውን አንዳንድ ነገር ሆን ብሎ የሚደብቀው። ተጠርጣሪው ማንም ሳይነግረው ያንን የተደበቀ ነገር ከተናገረ፣ ቃሉ ሥር አለው ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ የተደበቀ ነገር ወደ መንገድ ቢወጣ ምን ይሆናል? ዋጋ ያጣል። ንጹሕ የሆነ ሰው ከሱቅ፣ ከጎረቤት፣ ከመርማሪው አነጋገር ሰምቶት ሊደግመው ይችላል። ገዳይ የሆነም ሰው «ከተማው ሁሉ ያወራው አልነበረም?» ብሎ ሊያመልጥ ይችላል። ካፅሪን ትንሽ ከተማ ናት፤ በዚያ ምሽት ልጅቷን የፈለገ፣ ያገኘ፣ ሊረዳ የሮጠ ብዙ ሰው ነበር፤ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ያየውን ለቤተሰቡ መናገሩ አይቀርም። ዳኞቹ ለዓመታት ከተከራከሩባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው፦ ዛዶሮቭ ያወቀውን ከየት አወቀ? ሥራው ነው? ሰማው? ወይስ መርማሪዎቹ ሳያስቡት አቀበሉት? ስለ ወሬ ሁልጊዜ የሚነገረን የሰው ስም ማጥፋቱ ነው፤ እውነት ነው፣ ያጠፋል። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ያየሁት ከዚያ የባሰ ነገር ነው። ወሬ እውነቱ የሚታወቅበትን መንገድ ራሱን ይበላዋል፤ ይህ ደግሞ የተገደለችውን ልጅ ይበድላል።

አባቴ ይህን ሲሰማ ጎንደር ሳሉ የነበረውን አውጫጭኝ አነሣ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያየም የሰማም ምሎ ይናገራል። «እኛም በወሬ ነበር የምናወጣው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አውጫጭኝም ንጹሑን ሲጎዳ አይቷል፣ ራሱም ነግሮኛል። ልዩነቱ እዚያ የሚናገር ሰው ምሎ፣ ጎረቤቱ ፊት ቁጭ ብሎ መናገሩ ነው፤ ነገ ከዚያው ሰው ጋር ውኃ ይቀዳል፣ ልጅ ይዳራል። ካፅሪንን ሄዶ አይቶ የማያውቅ ሰው በስልኩ ላይ የአንዲትን ተማሪ ስም ሲጽፍ ግን ማንም አያስምለውም።

ስለ ስም ጉዳይ ቁርጥ ያለ ነገር ነው ያደረግሁት፦ ክስ ያልቀረበበት ሰው ስም በንባባችን ላይ ሲጠራ ደብተሩን እዘጋለሁ። የታኢር የትምህርት ቤት ጓደኞች ልጆች ሳሉ የጀመረባቸው ሐሜት እስኪያድጉ አልለቀቃቸውም። ኋላ ደግሞ የአንዲት ሴት የቀድሞ ፍቅረኛ እሷ ናት ብሎ ለፖሊስ ተናገረ፤ ተመረመረች፣ ክስ አልተመሠረተባትም፤ አገር ግን ፈረደባት። የጎረቤታችን አዛውንት በዚህ ተቆጡኝ። «ስም ካልተጠራ እውነት እንዴት ይወጣል? ሕዝብ ባይጮህ ኖሮ ያ ሰው ዛሬም እስር ቤት አይደል?» አሉ። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ የሕዝቡ ጥያቄና እ.ኤ.አ. በ2016 የታየው ዘጋቢ ፊልም ጉዳዩ እንዳይረሳ አድርገዋል። ነገር ግን ጉዳዩ ለምን በደንብ አልተመረመረም ብሎ መጮህ ሌላ ነው፣ እገሊት ገደለች ብሎ መጮህ ሌላ። የመጀመሪያው መንግሥትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ዛዶሮቭ ላይ ደርሷል ያልነውን በሌላ ሰው ላይ ይደግማል። ይህን ብዬ መለስኩላቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ እሺ አላሉኝም።

በጣም የከበደኝ ስለ ታኢር እናት መናገር ነበር። ገና ከጥንቱ ዛዶሮቭ የልጄ ገዳይ ነው ብዬ አላምንም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። የእኛ ማኅበር እናቶች ናቸው፤ ለእነሱ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል። የእናት ጥርጣሬ እንኳ ማስረጃ አይደለም ብሎ ልጅ ወልደው ለቀበሩ ሴቶች መንገር ልብ ይሰብራል። ቢሆንም አልኩት። የእሳቸው ጥርጣሬ ዋጋ ያለው፣ መልስ ያልተሰጠባቸውን ጥያቄዎች ስለያዘ ነው፤ ጥያቄዎቹን እንመልከት አልኳቸው፣ ተቀበሉኝ።

ስለ ዲኤንኤ ስናወራ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አክስቴ ቶሎ ገባት። ከልጅቷ አካል ላይ ስለተገኙ ፀጉሮች የሚወራው ብዙ ነበር፤ «ፀጉሩ የእገሌ መሆኑ ተረጋግጧል» ይባል ነበር። ሥር የሌለው ፀጉር ላይ የሚሠራው ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው፤ ይህ ከእናት ብቻ የሚወረስ ስለሆነ አንድን ሰው ለይቶ አይጠቁምም። «ስለዚህ እናቴ፣ እኔ፣ እናትሽ፣ አንቺ፣ ሁላችን አንድ ነን?» አለችኝ። አዎ፣ የማናውቃቸው ብዙ ሰዎችም ጭምር። ይህ ምርመራ «እሱ ነው» ከማለት ይልቅ «እሱ አይደለም» ለማለት ይበልጥ ይረዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቴሌቪዥን ላይ «ዲኤንኤ ተገኘ» ሲባል አክስቴ «የትኛው?» ብላ ትጠይቃለች።

ፍርዱን ማንበብ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ከተሸነፈው ሐሳብ እንዲጀምር ነው። እስራኤል ውስጥ በእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚፈርዱት ሦስት ዳኞች ናቸው፤ የሕዝብ ዳኞች የሉም፤ ዳኛ ሲለያይ ደግሞ ለምን እንደተለየ በጽሑፍ ያስረዳል። በ2010 ናዝሬት ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2015 መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን የጣለው ሁለት ለአንድ ነው፤ ዳኛ ዮራም ዳንዚገር ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለና ነጻ ይውጣ ብለው ብቻቸውን ቀሩ። እኛ የእሳቸውን ካነበብን በኋላ ነው ወደ አብላጫው የሄድነው፤ ያኔ አብላጫው የትኛውን ጥያቄ እንደመለሰ፣ የትኛውን እንዳለፈ ያለ ብዙ ድካም ይታያል። በ2021 ዳኛ ሐናን ሜልጸር ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዙ። እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2023 ዛዶሮቭ፣ ወደ 15 ዓመት ከታሰረ በኋላ፣ ናዝሬት ላይ ነጻ ወጣ። ያም ሁለት ለአንድ ነበር።

በማግስቱ ቡና ላይ «አላልኩም?» የሚል ድምፅ በዛ። እኔ ግን ውሳኔው እነሱ ያሉትን እንዳላለ ማስረዳት ነበረብኝ። ነጻ ያወጣው ጥርጣሬ ነው፤ ገዳዩ ሌላ ሰው ነው ብሎ የጠቆመው ስም የለም። «እሺ፣ ታዲያ ማነው?» ሲሉኝ ወረቀቱ አይናገርም አልኳቸው። ይህ መልስ ማንንም አላስደሰተም፤ ልጅቷ ሞታ ማንም ሳይጠየቅበት መቅረቱ እኔንም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አክስቴ አሁንም ዛዶሮቭ የሥራ ሱሪውን የጣለበትን ነገር አትተወውም። «ንጹሕ ሰው ሱሪውን ለምን ይጥላል?» ትለኛለች፤ ዐቃቤ ሕግም አጥብቆ የያዘው ነጥብ ነበር። እኔ ደግሞ ሱሪው ስላልተገኘ ምን እንደነበረበት ማንም አያውቅም እላታለሁ። እንዳልተስማማን ነው ያለነው። በ2023ቱ ውሳኔ ላይ ጥፋተኛ ነው ብለው የተለዩት ዳኛ ታማር ኒሲም ሻይ ናቸው፤ ቀጥለን የምናነበው የእሳቸውን ሐሳብ ነው።