የዓመቱን የራሴን ሒሳብ እንዴት እንደዘጋሁ

ወር በወር ሒሳብ መያዝ ጥሩ ነው፤ እኔም እይዛለሁ። ችግሩ ወር አጭር መሆኑ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ደህና የመሰለ ነገር፣ አሥራ ሁለቱ ወር አንድ ላይ ሲደመር ሌላ መልክ ያወጣል። ደግሞም የሚከብዱት ወጪዎች በየወሩ አይመጡም። ስለዚህ ዓመቱ ሲያልቅ ሙሉውን አንዴ ዘርግቼ አየዋለሁ። ዘንድሮ እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ቀን መቁረጥ ነው። የዓመቱን የመጨረሻ ቀን ያዝኩና፣ በዚያ ቀን ማታ የነበረኝንና የነበረብኝን ብቻ ጻፍኩ። በማግስቱ የገባ ደመወዝ የሚቀጥለው ዓመት ነው። በዚያ ሳምንት በዱቤ ተወስዶ ገና ያልተከፈለበት ዕቃ ግን የዚህ ዓመት ዕዳ ነው። ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ግን ቀኑ አንድ ዓመት ትንሽ ወዲህ፣ ሌላ ዓመት ትንሽ ወዲያ ከተንሸራተተ አንድ ሙሉ ደመወዝ ከዓመት ዓመት ይዘላል፤ ማነጻጸሩም ትርጉም ያጣል።

ከዚያ የባንክ ስቴትመንት አወረድኩ። የሁሉም ሒሳብ፣ የዓመቱ በሙሉ። ወደ ኤክሴል ገልብጬ በመጀመሪያ ከራሴ ሒሳብ ወደ ራሴ ሒሳብ ያዘዋወርኩትን ሰረዝኩ። ይህ ካልተሰረዘ ያው ገንዘብ አንዴ ወጪ፣ አንዴ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል፤ ሰውም በወረቀት ላይ ብቻ ሀብታም ይሆናል። የተበደሩት ገንዘብም ሒሳብ ውስጥ ስለገባ ብቻ ገቢ አይባልም። ብድር ሲከፈል ደግሞ ወለዱ ወጪ ነው፤ ዋናው ግን ዕዳ ይቀንሳል። እነዚህ ሳይለዩ የተደመረ ድምር ምንም አይነግርም።

ወጪውን ከመዘርዘሬ በፊት ያለኝንና ያለብኝን አስቀደምኩ። ብዙ ሰው ከወጪ ይጀምራል። ሁለተኛው ወር ላይ ሲደርስ ይሰለቸዋል፤ ይተወዋል። ያለኝና ያለብኝ ግን በአንድ ገጽ ያልቃል። በአንድ በኩል የባንክ ተቀማጭ፣ በእጅ ያለ ካሽ፣ አክሲዮን፣ የጡረታ ቁጠባ፣ ቤት፣ መኪና። በሌላ በኩል የቤት ብድር፣ ሌላ ብድር፣ ከሰው የተበደርኩት። ከመጀመሪያው ሁለተኛው ሲቀነስ የሚተርፈው የተጣራ ሀብቴ ነው። ሶፋና ቴሌቪዥን አልቆጠርኩም። ስልኬንም እንደዚያው። የማይሸጥ ዕቃ እየገመቱ መደመር ራስን ማባበል ነው። መኪናውን ዛሬ ቢሸጥ በሚያወጣው ዋጋ ጻፍኩት እንጂ በተገዛበት አይደለም።

ለዘመድና ለጓደኛ ያበደርኩትም አለ። እሱን ከታች በአንድ መስመር ለይቼ ጻፍኩት እንጂ አልደመርኩትም። ከተመለሰ ያኔ ይቆጠራል። (መመለሻ ቀን ያልተቆረጠለት ብድር በእኔ ሒሳብ ስጦታ ነው። ለተበዳሪው ግን ይህን አልነግረውም።)

ድምሩን ከአምናው ጋር ሳስተያየው አድጓል። ደስ አለኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ከጭማሪው ከግማሽ በላይ የመጣው የቤቱ ግምት ከፍ ስላለ ነው። እሱ የእኔ ሥራ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ቢወርድም ጥፋቱ የእኔ አይሆንም። ስለዚህ ጭማሪውን ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ የዋጋ ለውጥ ያመጣው ነው። ሌላው ከገቢዬ ያስቀረሁትና ዕዳ የቀነስኩበት ነው። ይህን ሁለተኛውን ለዓመቱ ገቢ ሳካፍለው፣ ከገባው ስንት በመቶ እንደተረፈ ታወቀ። ከዓመቱ ቁጥሮች ሁሉ የማምነው ይህንን ነው።

ወጪው ላይ ስደርስ ክፍሎቹን አላበዛሁም። መኖሪያ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ለሰው የሚሰጥ፣ መዝናኛ። ሠላሳ ክፍል ያለው ሠንጠረዥ ለዓይን ያምራል። መጨረሻ ላይ ግን ግማሹ “ልዩ ልዩ” የሚለው ሥር ይወድቃል። እኔ ያንን ክፍል ጭራሽ አልፈቅድም። ከኤቲኤም ወጥቶ የት እንደገባ ያልታወቀውን “ካሽ” ብዬ እንዳለ ተውኩት። ከወራት በኋላ የት እንደሄደ ማስታወስ አይቻልም፤ መገመትም አይጠቅምም። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ራሱ መልስ ነው።

የዘንድሮው ትልቁ ትርፌ የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በየወሩ የማይደጋገመውን ወጪ ሁሉ ለብቻው አወጣሁ። የመኪና ኢንሹራንስ። ጎማ። የትምህርት ቤት ምዝገባ። የጥርስ ሐኪም። ሠርግ። የተበላሸ ፍሪጅ። ለቤተሰብ የተላከ። እያንዳንዱ በመጣበት ወር “ይሄ እኮ ያልታሰበ ነው” ተብሎ ታልፏል። ሲደመር ከአንድ ወር ደመወዜ በለጠ። ከዚያ የአምናውንና የካቻምናውን ፋይል ከፈትኩ። ዝርዝሩ ይለያያል፤ አምና በፍሪጁ ቦታ የጣሪያ ጥገና ነበር። ድምሩ ግን ተቀራራቢ ነው። የትኛው ዕቃ እንደሚበላሽ አላውቅም። አንድ ነገር እንደሚበላሽ ግን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ስለዚህ ድምሩን ለ12 አካፈልኩት። ያ መጠን ደመወዝ በገባ ማግስት በራሱ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲሄድ አዘዝኩ። ሙሉውን መመደብ የማይችል ሰው ቀናቸው ከሚታወቀው ቢጀምር ጥሩ ነው። የኢንሹራንስና የምዝገባ ቀን ተደብቆ አይመጣም።

ይህ ሒሳብ ከመጠባበቂያ ገንዘብ የተለየ ነው። መጠባበቂያ ሥራ ቢቋረጥ ወይም ከባድ ሕመም ቢመጣ የሚነካ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ3 እስከ 6 ወር የሚያኖር መጠን ነው። የሚሰላውም በገቢ ሳይሆን በግድ ወጪ ነው፤ ሥራ ሲቆም መዝናኛውም አብሮ ይቆማልና። ሁለቱ በአንድ ሒሳብ ከተቀላቀሉ ኢንሹራንሱ መጠባበቂያውን ይበላዋል። የገንዘቡ ባለቤት ደግሞ “እኔ ቁጠባ አይበረክትልኝም” እያለ ያማርራል። ያጠራቀመው እኮ ለሚታወቅ ወጪ ነበር፤ ለመጠባበቂያ መቼ አስቀመጠ?

ብድርም በዓመት ሲታይ ሌላ ነው። 100,000 በዓመት 15 በመቶ ወለድ፣ በ5 ዓመት ውስጥ በየወሩ እኩል የሚከፈል ብድር አለ እንበል። ወርሃዊ ክፍያው 2,380 አካባቢ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት በጠቅላላው 28,500 ያህል ይከፈላል። ዕዳው የሚቀንሰው ግን በ14,500 ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው ወለድ ነው። ማንም አላጭበረበረም። ወለድ የሚሰላው ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ያልተከፈለው ብዙ ነው። ለዚህ ነው የከፈልኩትን ከመቁጠር ይልቅ የዓመቱን መጀመሪያና መጨረሻ ቀሪ ዕዳ ጎን ለጎን የማስቀምጠው። ትርፍ ገንዘብ ኖሮኝ አስቀድሜ ልክፈል ስል ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ቅጣት አለው ወይ? ትርፉ ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነሳል ወይስ እንደሚቀጥለው ወር ክፍያ ይያዛል? ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴለር፣ ሰዎች ገንዘባቸውን በአእምሯቸው በየሣጥኑ እንደሚከፋፍሉ አሳይቷል። ይህ የቁጠባ ነው፣ ይህ የወጪ ነው፣ ይህ ቦነስ ስለሆነ ይበላል። ሣጥኖቹ ሥርዓት ያስይዛሉ፤ አንዳንዴ ግን ያስከፍላሉ። 7 በመቶ በሚያስገኝ ሒሳብ ቁጠባ አስቀምጦ፣ ጎን ለጎን በ24 በመቶ ዕዳ ይዞ መኖር የተለመደ ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ነው ነገሩ የሚያስደነግጠው። በቃል የሚሰላ ዘዴ አለ፦ 72 ለወለዱ መጠን ሲካፈል ገንዘቡ እጥፍ የሚሆንበትን ዓመት በግምት ይሰጣል። በ24 በመቶ ያልተነካ ዕዳ በ3 ዓመት እጥፍ ይሆናል። በ7 በመቶ ያለው ቁጠባ ግን 10 ዓመት ያልፈዋል። እኔ ለአጣዳፊ ነገር የሚሆነውን አስቀርቼ የተረፈውን ቁጠባ ወደ ውዱ ዕዳ አዞርኩት። ቁጠባው ሲቀንስ ማየት ደስ አይልም። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው።

የዋጋ ንረትንም አለማየት አይቻልም። 100 በባንክ 7 በመቶ ወልዶ 107 ሆነ እንበል። በዚያው ዓመት ዋጋ በ10 በመቶ ከጨመረ፣ አምና በ100 የሚገዛው ዘንድሮ 110 ነው። የመግዛት አቅሙ በ2.7 በመቶ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ደመወዝም እንደዚያው። 8 በመቶ ጭማሪ አግኝቶ በዚያ ዓመት “ለምን አልበቃኝም?” የሚል ሰው አባካኝ ላይሆን ይችላል። መልሱን ጭማሪውና ንረቱ ይነግሩታል።

በየወሩ በራሳቸው የሚቆረጡትን፣ የማልጠቀምባቸውን አፕሊኬሽኖችም ሰረዝኩ። ሁሉም ሰው የሚመክረው ይህን ነው። እውነቱን ለመናገር ያተረፍኩት ጥቂት ነው፤ ከኢንሹራንሱና ከወለዱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ቶሎ ያልቃል፣ ክፋት የለውም። ግምገማው እዚያ ላይ ካበቃ ግን ትልቁ ነገር ሳይነካ ቀረ።

መጨረሻ ላይ ገጹን ይዤ ከባለቤቴ ጋር ተቀመጥን። እሱ መጀመሪያ ያየው ድምሩን ሳይሆን “ለሰው የሚሰጥ” የሚለውን ነው።

“ይሄ ሁሉ የኔ ወገን ነው?” አለኝ።

“ግማሹ የኔ ነው፤ አትጨነቅ” አልኩት።

በሚቀጥለው ዓመት ለሁለቱም ወገን የሚሆን አንድ መጠን ቆርጠን ተስማማን። ያ መጠን ካለቀ ተመካክረን እንጂ ዝም ብሎ የሚወጣ አይኖርም። ከወጪ ቅነሳው ሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደብን ይህ ንግግር ነው። በስሌት የሚያልቅ ስላልሆነ አይገርመኝም።

በዚያው ቁጭ ባልንበት የሒሳቦቻችንን ዝርዝር አደስን። ያደስነው አንዳችን ድንገት ብንታመም ሌላችን ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ ነው። የትኛው ባንክ፣ በማን ስም፣ ምን ዓይነት ሒሳብ፣ ዕዳው ለማን፣ ኢንሹራንሱ መቼ እንደሚያበቃ፣ በውሉ ላይ ተጠቃሚ ተብሎ የተጻፈው ማን እንደሆነ። የይለፍ ቃል አልጻፍንበትም። አንዱ ኢንሹራንስ ላይ ያለው ስም ከመጋባታችን በፊት የተሞላ ነበር። እሱን ማስቀየር የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።