ከጆርጂያ እስከ ቦስተን፦ ጆሮዬን እንዴት አለማመድኩት

አሜሪካ ውስጥ ትራክ የሚነዳ ሰው እንግሊዝኛው አንድ አይደለም፤ ስቴት በተሻገረ ቁጥር ይቀየርበታል። ጆርጂያና አላባማ ውስጥ ብዙ ሰው "ፔን"ን "ፒን" ይላል። ከ"ን" እና ከ"ም" በፊት የመጣች "ኤ" ወደ "ኢ" ትሄድባቸዋለች። መጋዘን በር ላይ ጥበቃው "ቲን" ካለህ 10 ቁጥር በር ሂድ ማለቱ ነው። ለራሳቸውም ስለሚምታታ እስክሪብቶ ሲፈልጉ "ኢንክ ፔን" የሚሉ አሉ።

ቦስተን ደግሞ "ር"ን ይበላሉ። "ካር" "ካ"፣ "ፓርክ" "ፓክ" ይሆናል። የሚገርመው፣ የበሏትን "ር" ሌላ ቦታ ያመጧታል፤ "አይዲያ" ካሉ በኋላ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ከጀመረ "አይዲየር" ሲሉ ትሰማለህ። ፊላደልፊያ ውሃው "ውደር" ነው።

የቦታ ስምማ ሌላ ጣጣ ነው። የቴክሳሱ ከተማ "ሂውስተን" ነው፤ ኒውዮርክ ያለው መንገድና ጆርጂያ ያለው ካውንቲ ግን በዚያው ፊደል ተጽፈው "ሃውስተን" ይባላሉ። ኢሊኖይ ውስጥ እንደ ግብጿ ካይሮ የተጻፈችውን ከተማ አገሬው "ኬሮ" ይላታል።

እኔ አክሰንቴን ልቀይር ብዬ አልደከምኩም። የሠራሁት ጆሮዬ ላይ ነው። አዲስ ስቴት ስገባ የአካባቢውን ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ሙዚቃ ሳይሆን ሰው እየደወለ ስለ ስፖርት የሚጨቃጨቅበትን። የጨዋታውን ውጤት ቀድሜ ስለማውቅ ምን ሊሉ እንደሚችሉ እገምታለሁ፣ ስለዚህ ጆሮዬ ድምፁን ብቻ ይከታተላል። ከዜና አንባቢ ይህን አታገኝም፤ እነሱ የአገራቸውን ለዛ ደብቀው ነው የሚያወሩት።

ቃል በቃል መሸምደድም አያዋጣም። ለውጡን አንዴ ከያዝክ "ፍሬንድ" ለምን "ፍሪንድ"፣ "ሴንት" ለምን "ሲንት" እንደሆነ በራሱ ይገባሃል። የጎጃምና የወሎ ሰው ሲያወራ ገና በሁለት ቃል የምንለይ ሰዎች ለዚህ አንሰንፍም።

ካልገባህ ደግሞ "ዋት?" አትበል። ሰውየው ያንኑ ቃል ጮክ አድርጎ ይደግምልሃል እንጂ አይቀይረውም። እኔ የሰማሁትን በሌላ መልክ እመልስለታለሁ፤ "ቲን" ሲለኝ "ዋን ዚሮ?" እላለሁ። በስልክ ፊደል ስናገርም "ቢ" እና "ቪ" ስለሚመሳሰሉ "ቢ አዝ ኢን ቦይ" ማለት ለምጃለሁ። እነሱም እርስ በርስ እንደዚያ ስለሚያደርጉ ማንም ዞር ብሎ አያይህም።