ከፋ ደን ውስጥ ዛፍ መለየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ዛፍ በስሙ መጥራት መልመድ የጀመርኩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ። አሁን ልምምዱ ከፋ አድርሶኛል። ቦንጋ ዙሪያ ያለው ደን ውስጥ ስትገቡ ትምህርቱ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ቅጠሉ ሁሉ ሰማይ ላይ ነዋ! ቀረሮ የሚባለው ዛፍ ብቻውን እስከ 50 ሜትር ይደርሳል።

የአካባቢው አስጎብኚ መጀመሪያ ያስለመደኝ መሬት መሬቱን ማየት ነው። የወደቀ ቅጠል አንሱ፣ ግንዱን እዩ፣ ከዚያ ቀና በሉ። የልብ ቅርጽ ያለው፣ ብርቱካናማ ሆኖ የረገፈ ቅጠል ካገኛችሁ ብሳና እዚያው አጠገባችሁ አለ። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ደግሞ በአፍንጫ ይለያል። ቅጠሉን በጣታችሁ አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት፤ መራራ የአልሞንድ ሽታ ይሰጣል። የቅጠሉ አገዳም ቀላ ይላል። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጥጥር ይደረግበታል።

ከሁሉም ልቤን የወሰደው ግን ጌተም ነው። ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው ሌላ ዛፍ ላይ ሆኖ ነው፤ ከዚያ ሥሩን ወደ ታች ይለቃል። ስለዚህ አንድ ግንድ ላይ ሁለት ዓይነት ቅርፊት ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ መርምሩ። ቅጠሎቹ ከአንድ አገዳ ጫፍ እንደ ጣት ተዘርግተው ይወጣሉ። ነጩ ማር ከዚህ ዛፍ አበባ ነው የሚገኘው። ንብ አናቢዎቹ ቀፏቸውን ረጃጅም ዛፎች ላይ ወጥተው ይሰቅላሉ፤ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ከሥር ያለው የጫካ ቡና ነው፤ ሳሳና ዋንዛ የሚባሉት ዛፎች ጥላ ሆነውለታል። ከፋ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው በ2010 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስፋቱ 760,000 ሄክታር ገደማ ነው። ጥብቅ በሆነው እምብርቱ ቅርንጫፍ መቁረጥ አይታሰብም። ለጀማሪ ይህ ጥሩ ነው ባይ ነኝ፤ ዓይንና አፍንጫ እንዲሠሩ ያስገድዳል።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናቡ ቀለል ይላል። ቦቲ ጫማና ባይኖኩላር አትርሱ።

አሁን የያዝኩት ዳማት ወይራን መልመድ ነው። የለመድነው ወይራ ቅጠሉን ስትገለብጡት ጀርባው ብርማ ነው፤ የዳማት ግን በሁለቱም በኩል አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ ጌተም በሚያብብበት ወቅት መመለስ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ካለ ይንገረኝ።