ድባቴን በክራርና በወል ቤት

ድባቴ ሲጫነኝ ቃል ያጥረኛል። ሐኪሟ «ምን ይሰማሃል?» ስትለኝ ከ«ደክሞኛል» ሌላ የምመልሰው አልነበረኝም። መድኃኒቱንና የምክር ክትትሉን ጀመርኩ። ክራሩና ግጥሙ የመጡት ከዚያ ጎን ለጎን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የረዳኝ ቅኝቱ ነው። ክራር ስድስት ክር አለው፤ አንዱ ከላላ ቅኝቱ ሁሉ ይበላሻል። መቃኛውን ቀስ እያሉ እያዞሩ፣ ጆሮን ሰጥተው ድምፁ እስኪገጥም መጠበቅ ነው። በዚያ መሐል ሐሳብ ወዲያና ወዲህ ለመሮጥ ፋታ አያገኝም። ዜማ ለመጫወት አቅም ባጣሁባቸው ጠዋቶች ክራሬን ቃኝቼ ብቻ አስቀምጠው ነበር።

ግጥሙ ብዙ አስለፋኝ። ደብተሬን የሞሉት «ሕይወቴ ጨለመ»፣ «ተስፋዬ ሞተ» የሚሉ ስንኞች ነበሩ፤ ማንም ሊጽፋቸው የሚችሉ፣ ጽፌያቸውም የማይቀለኝ። ስለዚህ ወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምጣኔ ያዝኩ። በወል ቤት ስንኙ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱም ስድስት ቀለም፣ ማለትም ስድስት የድምፅ ምት ይይዛል። ሌሊቱን ሙሉ በጭንቅላቴ ሲዞር የሚያድር ሐሳብ በስድስትና በስድስት ቀለም ሲለካ መጨረሻ ያገኛል። ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ እቆጥር ነበር። «ምን ተሰማኝ?» ማለቱን ትቼ «ዛሬ ምን አየሁ?» ብዬ ስጠይቅ ደግሞ ይህ መጣ፦

ሻዩ ቀዘቀዘ ሳልጠጣው በፊቴ፣
ፀሐይም ጠለቀች ሳልወጣ ከቤቴ።

ጨለማ የሚል ቃል የለበትም፤ ያ ቀን ግን እንዳለ አለበት።

የቅኝት ምርጫም ዋዛ አይደለም። ትዝታ የሚባለውን ቅኝት ከልቤ እወዳለሁ፤ ሌሊት ብቻዬን ስሆን ግን ያለፈውን ሁሉ እየቀሰቀሰ ይብስብኛል። ስለዚህ ማታ ማታ ባቲ እቃኛለሁ፤ ትዝታን ሰው ባለበት፣ በቀን እጫወታለሁ። ሌላውን ሰው ያው ትዝታ ሊያጽናናው ይችላል፤ እያንዳንዱ ሰው ተጫውቶ ሲያበቃ ምን እንደሚሰማው ራሱን ያዳምጥ።

ሙዚቃ እያለ መድኃኒት ምን ያደርጋል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ዳዊት በገና ሲደረድር ሳኦል ያርፍ እንደነበር መጽሐፈ ሳሙኤል ይነግረናል፤ እዚያው መጽሐፍ ላይ ግን ዳዊት እየደረደረ ሳለ ሳኦል ጦር ወርውሮበታል። ዜማ ፋታ ይሰጣል። እኔ በዚያ ፋታ ውስጥ መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ቀጠሮዬን አከብራለሁ። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ሲመጣ ክራሩን አስቀምጬ ወደ ሰው እደውላለሁ።

ስንኞቹን ለማንም አላሰማም ብዬ ነበር። አንድ እሑድ ግን ለታላቅ እህቴ ተጫወትኩላት። «ደክሞኛል» ስላት ሁልጊዜ «ተኛ፣ ይለቅሃል» ትለኝ ነበር። የሻዩ ስንኝ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «ያንን ሻይ ያፈላሁልህ እኔ ነኝ እኮ» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ቀጣዩ ቀጠሮህ መቼ ነው?»

ነገርኳት። አብራኝ ሄደች።